ቁጥሩ ወረደ፤ ደም ሥሩስ?

የግፊት ክኒን የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚያስደስት ቁጥር ያያል። 165 በ100 የነበረው 132 በ82 ይሆናል። ይሄኔ ጥያቄው ይመጣል። «ተስተካከለልኝ እኮ፤ አሁንም ልዋጥ?» አንዳንዱ ደግሞ መጠየቁንም ይተወዋል። ክኒኑ ሲያልቅ ሌላ አይገዛም።

ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። ራስ ምታት ሲለቀን ማስታገሻውን እናቆማለን። አንቲባዮቲክም የታዘዘው ቀን ሲሞላ ያበቃል። ታዲያ ግፊት ምን የተለየ ነገር አለው? «ሐኪም ካለ አለ ነው» የሚለው መልስ ማንንም አያጠግብም። አጥጋቢው መልስ ያለው ደም ሥሩ ውስጥ ነው። መለኪያው የሚነግረን ደሙ ግድግዳውን ምን ያህል እየገፋው እንደሆነ ነው። ግድግዳው ራሱ ባለፉት ዓመታት ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። ክኒኑ ቁጥሩን በሳምንታት ያወርደዋል። ደም ሥሩ ግን ቶሎ አይከተልም። ወደ ጤናው የሚመለሰው በወራት፣ ሲዘገይም በዓመት ነው። በዚያ ላይ ሁሉም የግፊት መድኃኒት ለደም ሥር እኩል አይበጅም።

የአንድ ሴል ውፍረት

ደም ሥርን እንደ ውሃ ቧንቧ ማሰብ ይቀናናል። ውሃው በዛ፣ ቧንቧው ጠበበ፣ ግፊቱ ጨመረ። ግማሹ ልክ ነው። ቧንቧ ግን የሚያልፍበትን ውሃ አይሰማም፤ በራሱም አይሰፋም፣ አይጠብም። ደም ሥር ይህን ሁሉ ያደርጋል።

የደም ወሳጅ ሥር ግድግዳ ሦስት ድርብ አለው። የውጩ ሥሩን ከአካባቢው ሥጋ ጋር ያያይዘዋል። መካከለኛው ጡንቻ ነው፤ ሲኮማተር መተላለፊያው ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ይህን ጡንቻ እንደ ክንዳችን ጡንቻ በፈቃዳችን አናዘውም። የውስጠኛው ደግሞ ከሁሉም የሳሳ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ። ኢንዶቴልየም ይባላል። ከልብ ጀምሮ በዓይን እስከማይታዩት ቀጫጭን ሥሮች ድረስ የሁሉንም ውስጥ የለበሰው እሱ ነው። ደም የሚነካው ይህንን ሽፋን ነው።

መጥበብና መስፋት ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር ማየት ይሻላል። የመተላለፊያው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ደሙን የሚገጥመው እንቅፋት እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። አንድ አሥረኛ ብቻ ቢጠብ እንኳ እንቅፋቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የግፊት ዋናው ጨዋታ ያለው ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነው ትንንሽ ደም ሥሮች ላይ ነው። እነሱ ትንሽ ኮምተር ሲሉ ልብ ይሰማዋል።

ይህን ስስ ሽፋን ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልባስ አድርጎ ነበር የሚያየው። አስተያየቱን የቀየረው ሮበርት ፈርችጎት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ከጥንቸል በተወሰደ የደም ሥር ቁራጭ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨምር ቁራጩ ይኮማተርበት ነበር። ያው ንጥረ ነገር በሕይወት ያለ እንስሳ ውስጥ ሲገባ ግን ደም ሥር ያሰፋል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ምስጢሩ የተገኘው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ሥሩ ተቆርጦ ሲዘጋጅ የውስጡ ገጽ ሳይታወቅ እየታሸ ይነሳ ነበር። በጥንቃቄ ተይዞ ሽፋኑ ያልተነካው ቁራጭ ላላ፤ ሽፋኑ የተፋቀው ተኮማተረ። ሥራው በ1980 ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጡንቻውን «ላላ» ብሎ የሚያዘው ያ ስስ ሽፋን መሆኑ ታወቀ።

ትእዛዙን የሚያደርሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ተጨማሪ ዓመታት ወሰደ። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ኢንዶቴልየም ያመነጨዋል፤ ወደ ጎረቤቱ ጡንቻ ይዘልቃል፤ ሥራውን ሠርቶ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚህ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ፣ አልፍሬድ ኖቤል ሀብቱን ያፈራው ከናይትሮግሊሰሪን በሠራው ዳይናማይት ነው። በስተርጅናው ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለትም ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን ነበር። መድኃኒቱ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቀ መሆኑን ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኢንዶቴልየም ሌላም ሥራ አለው። ደም ያለቦታው እንዳይረጋ ይከላከላል። የደም ሴሎች ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ያደርጋል። ጡንቻው ከልክ በላይ እንዳይወፍር ይቆጣጠራል። ስለዚህ እሱ ሲታመም ጉዳቱ ከግፊት ያልፋል። የልብ ሕመምና ስትሮክ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ግፊት ሲቆይ

በ1990 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነገሩን ፍንትው አድርጎ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ግፊት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች አመጡ። ክንዳቸው ላይ ባለው የደም ወሳጅ ሥር ሁለት ነገር በየተራ አስገቡ። አንደኛው አሴቲልኮሊን ነው፤ ኢንዶቴልየሙን ቀስቅሶ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስለቅቃል። ግፊት ያለባቸው ሰዎች ደም ሥር እንደ ጤነኞቹ አልሰፋም። ሁለተኛው ሽፋኑን ዘልሎ ጡንቻውን በቀጥታ የሚያላላ መድኃኒት ነው። በዚህኛው የሁለቱም ቡድን ደም ሥር በተመሳሳይ መጠን ሰፋ። ጡንቻው መላላት አላቃተውም ማለት ነው። አዛዡ ነው የደከመው።

የትኛው ቀደመ ካሉ፣ ነገሩ ከሁለቱም ወገን ነው። ከፍ ያለ ግፊት ሽፋኑን ይጎዳል፤ የተጎዳ ሽፋን ደግሞ ደም ሥሩን ማላላት ስለሚያቅተው ግፊቱን ያስቀጥላል። ወላጆቻቸው ግፊት ባለባቸው፣ የራሳቸው ቁጥር ግን ገና ጤነኛ በሆነ ሰዎች ላይም የሽፋኑ ሥራ ደከም ብሎ ተገኝቷል።

ዓመታት ሲያልፉ ቅርጹም ይለወጣል። ትንንሾቹ ሥሮች ግፊቱን ለመቋቋም ግድግዳቸውን ወደ ውስጥ ያወፍራሉ። መተላለፊያው ይጠባል። መጀመሪያ በጡንቻ መኮማተር ብቻ የመጣው ጥበት አሁን የግድግዳው አካል ሆነ። ትልልቆቹ ደግሞ ይደርቃሉ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ሥር በጤናው ጊዜ ልብ ስትመታ ሰፋ፣ ስታርፍ ሰብሰብ ይላል። ሲደርቅ ይህን አይችልም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር ከፍ ብሎ የታችኛው የሚወርደው፣ ለምሳሌ 170 በ70 የሚሆነው፣ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ያለ መርፌ የሚያይ ምርመራ አለ። ሰውየው ይጋደማል። ባለሙያው ክርኑ ከፍ ብሎ ያለውን የደም ወሳጅ ሥር በአልትራሳውንድ ያይና ስፋቱን ይለካል፤ አራት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ አስሮ ደም እስኪቆም ይነፋዋል። አምስት ደቂቃ ይቆያል። እጅ ይደነዝዛል፣ ደስ አይልም። ከዚያ ጨርቁ በአንዴ ይለቀቃል። የተገታው ደም ግር ብሎ ይሮጣል፤ ሽፋኑን እየታከከ ያልፋል። ጤነኛ ኢንዶቴልየም መታከኩን ይሰማና ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሥሩ ሲለካ ከመቶ ጥቂት እጅ ያህል ሰፍቶ ይገኛል። የታመመው ሽፋን ላይ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምርመራው የሚያገለግለው በአብዛኛው ለጥናት ነው። በየክሊኒኩ አይሠራም፤ ውጤቱ ከሰው ሰውና ከባለሙያ ባለሙያ ይለያያል። ስለዚህ ሐኪምዎ ይህን ካላዘዘልዎት አንድም የቀረብዎት ነገር የለም።

ክኒኖቹ ምን ያደርጋሉ?

የግፊት መድኃኒት ስሞች ብዙ ናቸው፤ ቤተሰቦቹ ግን ጥቂት። የክኒንዎን ስም መጨረሻ ይዩ። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፤ እነዚህ ፕሪሎች ናቸው። ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ቴልሚሳርታን፤ እነዚህ ሳርታኖች። አምሎዲፒንና ኒፊዲፒን ዲፒኖች፤ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ቢሶፕሮሎል ሎሎች። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሳሰሉት ደግሞ ሽንት የሚያበዙት ናቸው። ሌሎችም አሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚውጠው ግን ከነዚህ አይወጣም።

ፕሪሎቹ ጋ ትንሽ እንቆይ። ሰውነታችን አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባል ነገር ያመርታል። ደም ሥር በማጥበብ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። የደም ሥሩን ጡንቻ ያወፍራል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ግድግዳው ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያጠፉ ፍሪ ራዲካሎችን ያበዛል። መልእክተኛው ተልኮ መንገድ ላይ ይቀራል። አንጂዮቴንሲን ሁለትን የሚሠራው ኤስ የተባለ ኢንዛይም ነው። ፕሪሎች ይህን ኢንዛይም ያግዱታል።

ኢንዛይሙ ግን ሌላም ሥራ አለው። ብራዲካይኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ይሰባብራል። ብራዲካይኒን ደግሞ ኢንዶቴልየሙን «ናይትሪክ ኦክሳይድ ልቀቅ» ብሎ ከሚቀሰቅሱት አንዱ ነው። ስለዚህ ፕሪል የሚወስድ ሰው ደም ሥር ላይ አጥባቂው ይቀንሳል፤ አስፊው ይበረክታል።

የመድኃኒቱ መነሻ የእባብ መርዝ ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው፤ እውነት ግን ነው። ጃራራካ የምትባለው የብራዚል እፉኝት መርዝ የደም ግፊትን ክፉኛ ያወርዳል። ሰርጂዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መርዙ ውስጥ የብራዲካይኒንን ሥራ የሚያጎላ ነገር አገኘ። ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንደቲ ከዚያ ተነስተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ። በ1981 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ።

ያ ብራዲካይኒን የራሱ ጣጣ አለው። ሲበረክት ጉሮሮን ይኮረኩራል። ፕሪል ከሚወስዱት ውስጥ ከ10 ሰው አንዱን ያህል ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ይህ ሳል ጉንፋን አይደለም፤ ሽሮፕም አያቆመውም። ብዙ ሰው ወራት አስሎ፣ ራጅ ተነስቶ፣ አንቲባዮቲክ ጨርሶ ነው ከክኒኑ መሆኑን የሚደርስበት። ክኒኑ ሲቀየር ሳሉ በጥቂት ሳምንት ይተዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ድንገት ያብጣል። ይሄኛው ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሳርታኖች ኢንዛይሙን አይነኩትም። አንጂዮቴንሲን ሁለት ሊያርፍበት የሚፈልገውን ቦታ ቀድመው ይይዙበታል። ብራዲካይኒን ስለማይበረክት ሳሉ የለም። የመጀመሪያው ሎሳርታን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1995 ተፈቀደ።

ዲፒኖቹ በሌላ መንገድ ይመጣሉ። ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይኮማተርም፤ እነሱ ካልሲየሙ ወደ ጡንቻው ሴል እንዳይገባ ያግዳሉ። ኢንዶቴልየሙ ቢታመምም ባይታመምም ጡንቻው ይላላል። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በቀን አንዴ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያማርርበት የቁርጭምጭሚት እብጠት ነው። እብጠቱ የሚመጣው ኩላሊት ውሃ ስለያዘ ሳይሆን ሥሮቹ እኩል ስላልሰፉ ነው። ደም የሚያመጣው ሥር በደንብ ይሰፋል፤ የሚመልሰው ያን ያህል አይሰፋም። መሐል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይጨናነቁና ፈሳሽ ያሾልካሉ። ስለዚህ ለዚህ እብጠት ሽንት የሚያበዛ ክኒን መጨመር ብዙም አይፈይድም። ዶዙን መቀነስ ወይም ፕሪል አለዚያም ሳርታን ማከል ይሻላል። እነሱ መላሹንም ሥር ያሰፉታል።

የሎሎቹ ዋና ሥራ ልብ ላይ ነው። የልብ ምትን ያዘገያሉ፤ ልብ በአንዴ የምትገፋውን ኃይል ይቀንሳሉ። እንደ አቴኖሎል ያሉት የቆዩት ደም ሥሩን ብዙም አያሰፉትም። ኔቢቮሎል የሚባለው ለየት ይላል፤ ከኢንዶቴልየም ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስለቅቃል። ሽንት የሚያበዙት ደግሞ መጀመሪያ ጨውና ውሃ ያስወጣሉ። ከሳምንታት በኋላ የደሙ መጠን ወደ ነበረበት ቢጠጋም ደም ሥሮቹ ላላ ብለው ይቀራሉ።

ቁጥሩ እኩል፣ ደም ሥሩ ለየቅል

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለት ሰዎች ቁጥራቸው እኩል ወርዷል። ደም ሥራቸውስ እኩል ድኗል?

ካናዳ ሞንትሪያል የሚገኝ ቡድን ይህን ለማየት ጠንከር ያለ መንገድ መረጠ። ግፊት ካለባቸው ሰዎች መቀመጫ፣ ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወሰዱ። ከዚያ ውስጥ ቀጫጭን ደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ ለይተው አወጡ። የግድግዳውን ውፍረት ለኩ፤ አሴቲልኮሊን ሲነካቸው ምን ያህል እንደሚላሉም አዩ። ግማሾቹን ሎሳርታን፣ ግማሾቹን አቴኖሎል ጀመሩላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ያንኑ ናሙና ደገሙት። ግፊቱ በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መጠን ወርዷል። የሎሳርታኖቹ ደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ፣ መላላቱም ተመልሶ ወደ ጤነኛ ሰው ተጠግቷል። የአቴኖሎሎቹ እንደነበረ ነው። ውጤቱ በ2000 ታተመ። ተሳታፊዎቹ 20 እንኳ ስለማይሞሉ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ቡድኑ ከዚያ በፊት በአንድ ፕሪል የሠራው ሥራ ግን ወደዚያው ያመለክታል።

በ2002 የወጣው ላይፍ የተባለ ጥናት በብዙ ሰው ላይ ሞከረው። 9,193 ሰዎች፣ ሁሉም ግፊት ያለባቸውና የልብ ጡንቻቸው የወፈረ፣ በሎሳርታንና በአቴኖሎል ተከፈሉ። ክንድ ላይ የሚለካው ግፊት እዚህም ተቀራራቢ ነበር። ስትሮክ ግን ሎሳርታን የወሰዱት ላይ በ25 በመቶ ቀነሰ።

ሌላ ማብራሪያም አለ። የምንለካው ክንድ ላይ ነው፤ አንጎልና ልብ የሚቀምሱት ግን ከልብ በሚወጣው ትልቁ ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በ2006 የታተመው ካፌ የተባለ ጥናት አምሎዲፒንን መነሻ ያደረገ ሕክምና ከአቴኖሎል ጋር አነጻጸረ። ክንድ ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ትልቁ ሥር ውስጥ ግን አምሎዲፒን የወሰዱት ላይኛው ቁጥር በ4 ያህል ዝቅ ብሏል። መለኪያዎ ላይ ፈጽሞ የማይታይ 4 ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን አንብቦ «የኔ ክኒን ደም ሥር አያድስም» ብሎ ነገ አቴኖሎሉን የሚጥል ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። በዚያው በ2002 የወጣውን አልሃት የተባለ ጥናት አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ክሎርታሊዶን የተባለ ርካሽ ሽንት አብዢ ክኒን ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር ተወዳደረ። ክሎርታሊዶን ኢንዶቴልየምን በመጠገን የሚወደስ መድኃኒት አይደለም። እንደዚያም ሆኖ የልብ ድካትን (የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመጣውን) በመከላከል ከሌሎቹ አልተናነሰም፤ የልብ ድካምን (ልብ ደም በበቂ መግፋት ሲያቅታት የሚመጣውን) በመከላከል ደግሞ በለጣቸው። አንድ መድኃኒት በላቦራቶሪ ደም ሥር ላይ ያማረ ነገር ስላሳየ ብቻ ሰው አያተርፍም።

የኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ከሁሉም በፊት ግፊቱ ይውረድ፣ ወርዶም ይቆይ። የትኛውም ክኒን ቢሆን ካልታከመ ግፊት ይሻላል። መድኃኒት ሲመረጥ ግን፣ በተለይ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ ፕሪል ወይም ሳርታን ቅድሚያ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሎሎቹም ቢሆኑ የልብ ድካት ለደረሰበት፣ የልብ ድካም ወይም የምት መዛባት ላለበት ሰው ዋና መድኃኒት ናቸው። «ደም ሥር የሚያጸዳ» እያሉ የሚሸጡ ዱቄቶችና ጠብታዎች ሳይ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። የሚጸዳ ነገር የለም፤ የሚድን ግድግዳ እንጂ። እሱም በሳምንት አይድንም።

ስለመዋጥና ስለማቆም

ክኒን ሲቆም ደም ሥሩ የለመደውን አይረሳም። ወፍራሙ ግድግዳ ገና አልሳሳ፣ ሽፋኑ ገና አልበረታ። ግፊቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። አቴኖሎልን የመሳሰሉትና ክሎኒዲን የተባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጡ ደግሞ ግፊትም የልብ ምትም ከቀድሞው በላይ ሊዘል ይችላል። ይህ ማለት ዶዝ አይቀነስም ማለት አይደለም። ክብደት የቀነሰ፣ ጨው ያሳነሰ፣ እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ፣ እየለካ መቀነስ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ሁለት ክኒን ሲታዘዝ «ባሰብኝ ማለት ነው» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። የአንዱን ዶዝ እጥፍ ከማድረግ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦችን በትንሽ በትንሹ ማዋሐድ ግፊትን በጣም የተሻለ ያወርዳል፤ የጎንዮሽ ጣጣውም ይቀንሳል። ፕሪልና ሳርታንን አንድ ላይ መውሰድ ግን አይመከርም። ኦንታርጌት የተባለው የ2008 ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ አይቶታል፤ ጥቅም አልጨመረም፣ የኩላሊት ችግር ግን ጨመረ። እነዚህን ሲጀምሩ ሐኪሙ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ የሚያዘውም ለዚሁ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ፕሪልም ሳርታንም አትወስድም፤ ጽንሱን ይጎዳሉ። ለእርግዝና የሚሆኑ ሌሎች አሉ፤ ሚቲልዶፓ፣ ላቤታሎልና ኒፊዲፒን ከነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲነሱ ራስ ማዞር፣ ድካም ድካም ማለት የተለመደ ነው። የአንጎል ደም ሥሮች ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት ለምደዋል፤ አዲሱን እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቀስ ብሎ መነሳት ይረዳል። ከባሰ ወይም ሰው ከወደቀ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የሕመም ማስታገሻ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። የፕሪሉን፣ የሳርታኑንና የሽንቱን ክኒን ሥራ ያደክማሉ። ጉልበቱን እያመመው በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው «ግፊቴ አልወርድ አለ» ቢል አይገርምም። ፋርማሲ ሲገቡ ግፊት እንዳለብዎት ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሲጋራ ያንኑ ስስ ሽፋን በቀጥታ ይመታል፤ የትኛውም ክኒን ያንን አይክሰውም። ፈጣን እርምጃ ተቃራኒውን ያደርጋል። ደም ፈጠን ብሎ ሽፋኑን እየታከከ ሲያልፍ፣ ያ ጨርቅ ሲለቀቅ እንደሆነው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቀቃል። በሳምንት ብዙውን ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ ለኢንዶቴልየም ሥልጠና ነው።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። በ2022 የታተመው የብሪታንያው ታይም ጥናት ከ21 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታተለ። ስትሮክም ሆነ የልብ ድካት ላይ በጠዋትና በማታ መካከል ልዩነት አላገኘም። የማይረሱትን ሰዓት ይምረጡ። ሽንት የሚያበዛውን ብቻ ጠዋት ያድርጉት፤ ማታ ከተዋጠ ሌሊቱን ሲያመላልስዎት ያድራል።